የጅራት ቁጥር

ከሊዋርደን ስንወጣ ዝናብ ነው፤ መጥረጊያው ያቃስታል፤
ኸርበን፣ አባቴ፣ ከጎኔ፣ የወረቀት ካርታ ያገላብጣል።
"ስልኩ መንገዱን ያውቀዋል" ብለው አይሰማም፤
ቢጮኹበትም ያው ነው፤ ዘንድሮ ምንም አይሰማም።

ከኋላ ፍሬርክ አለ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣
ጭኑ ላይ ያጋደመው መሰላል እንደ ሕፃን የተኛ፤
ዊበም አለ፣ የአይብ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ፣
"ብሬመን ሳንደርስ ማንም እንዳይነካት" ብሎ፣
ኦልደንቡርግ ላይ፣ በመስኮት እያየ፣ ብቻውን የጨረሰ።

ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ መሰላል፣ መሪው ላይ እኔ።

ፖላንድ ነው የምንሄደው፤ አንድ አሮጌ ተዋጊ ጄት፣
ክንፉን ሲዘረጋ ሲያጥፍ የኖረ፣ ሊሰናበት ነው ዓርብ ዕለት።
አባቴ በደብተሩ ሠላሳ ሁለት የጅራት ቁጥር ጽፏል፣
ለሠላሳ ሦስተኛው አንድ መስመር ባዶ ትቷል።
ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ቢራቢሮ በመርፌ ይወጋል፤
የኔ አባት ቁጥር ይለቅማል፣ ቀን ይጽፋል፣ ያሰምርበታል።
እናቴ በሕይወት ሳለች ደብተሩን "ጣውንቴ" ትለው ነበር፣
እየሳቀች። ሁልጊዜ ግን ሳቋ ከልቧ አልነበር።

ከፖዝናን ወዲህ አደርን፣ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሆቴል፤
ሦስቱ አንድ ክፍል ይዘው፣ ማንኮራፋታቸው በግድግዳው በኩል
ሲነሳ ሲያርፍ፣
ሲነሳ ሲያርፍ።

ጠዋት ጉም።
የጦር ሰፈሩ አጥር ከሦስት እርምጃ ወዲያ የለም።
ቀድመውን የደረሱ አሉ፤ ከዴንማርክ፣ ከቼክ፣ አንዱማ ከጃፓን፤
ሁሉም መሰላሉ ላይ ወጥቶ፣ ሌንሱን ነጭ ባዶ ላይ ደግኖ፣
ፍሬ ሊለቅም እንደመጣ ሰው፣ ዛፉ የጠፋበት።

ከጎመን ማሳዋ አንዲት ሴት መጣች፣ ቦዜና ነው ስሟ፤
ቦቲዋ እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ትራክተሯ ከኋላዋ ቆሟል፣ ክፍት ነው በሩ።
በተሰባበረ ጀርመንኛ፦
"አርባ ዓመት ከዚህ ጩኸት ሥር ነው ያደርኩት፣
አራት ልጅ በዚህ ጩኸት መሀል ነው ያስተኛሁት።
እናንተ ደግሞ ቤንዚን አቃጥላችሁ፣ አገር አቋርጣችሁ…
ቦምብ መሸከሚያ መሆኑን ማንም አልነገራችሁ?"

ዊበ ጫማውን አየ።
ፍሬርክ ሌንሱን ጠረገ፣ ንጹሑን ሌንስ።
እኔም መልስ አልነበረኝ፤ ጥያቄው የኔም ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ
በየአጥሩ ሥር ሳንድዊች ይዤ ስቆም የዋጥኩት።
አባቴ ብቻ፣ ያልሰማው፣ ፈገግ አለላት፤
"ሸጋ ጎመን ነው" አላት በሆላንድኛ፣ ማሳውን እያሳያት።

ያኔ መጣ።
አላየነውም። መጀመሪያ የመሰላሉ ብረት ተንዘፈዘፈ፤
ከጎመኑ ቅጠል ላይ ጤዛው ተንሸራትቶ ረገፈ፤
ቀጥሎ ጥርሴ፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንቴ።
ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ቦዜና አልያዘችም፣ ለምዳዋለች።
አባቴም አልያዘም።
ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲጠግን ጆሮውን የበላበት ያው ድምፅ
የበላውን ሊመልስለት የመጣ ይመስል፣
አፉን ከፍቶ፣ መዳፉን ሽቦው ላይ ለጥፎ፣
"ሰማሁ!" አለ፤ "ሂስከ፣ ሰማሁ!"
ሰማይ ጠፍቶ ሳለ፣
አባቴ ሰማ።

ጉሙ እስከ ማታ አልተገለጠም። ቁጥሩን ያየ ሰው የለም።
ደብተሩን አውጥቶ ቆየ፤ እስኪርቢቶውን ከፈተ፣ ከደነ፤
ሕግ ሕግ ነው፤ ያላዩትን አይጽፉም።
መስመሩ ባዶውን ቀረ።

ስንመለስ ቦዜና የሰጠችን ጥቅል ጎመን ከኋላ
በየኩርባው ይንከባለላል፣ ከመሰላሉ ጋር ይጋጫል።
ከበርሊን ወዲህ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣
"ያቺ ሴት ምን ነበር ያለችው?" አለኝ።
ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤
ግን እንዲሰማ መጮህ አለብኝ፣
ጥያቄዋ ደግሞ ሲጮኹበት ሌላ ይሆናል።
"ማደያ ስንደርስ" አልኩት በእጄ፣ በምልክት፤
ራሱን ነቀነቀ፤ ካርታውን ዘረጋ።
ሁለት ማደያ አለፍን።